«ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ መድፈን» አልነበረም፦ በ1930ዎቹ በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ስለተሠሩት የመንግሥት ሥራዎች የተሰጠ ምላሽ

በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በትንንሽ የገጠር ከተሞች ስላሠራቸው ሥራዎች በቅርቡ በአማርኛ የወጣ ጽሑፍ አንብበናል። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ሥራው ሰው ባዶ እጁን እንዳይቀመጥ ጉድጓድ አስቆፍሮ መልሶ የማስደፈን ያህል ነበር። ዕቅዱ ከዋሽንግተን ተጭኖ የመጣ ነው። ደሃ ከተሞች ለማይመጥናቸው የድንጋይ ሕንፃ ገንዘብ ፈሰሰ። ሠራተኛው አካፋ ተደግፎ ይውል ነበር። ደመወዙ እርሻን ያለ ሠራተኛ አስቀረ። ሥራ አጥነቱም ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪመጣ ንቅንቅ አላለም። ጸሐፊው ይህን ሁሉ «ደብሊው ፒ ኤ» (ወርክስ ፕሮግረስ አድሚኒስትሬሽን) በተባለ፣ ለሥራ አጦች የመንግሥት ሥራ በሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት ስም ጠቅልለው አቅርበውታል። እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ የእነዚህ ሥራዎች መልክም፣ ዕድሜም፣ ጉድለትም የሚገለጸው ማን ምን ከፈለ በሚለው ጥያቄ ነው። ፌዴራል መንግሥት በዋናነት የሰው ጉልበት ዋጋ ከፈለ። ከተማው ዕቅዱን፣ ዕቃውንና የኋላ ጥገናውን ያዘ። ይህን ያልያዘ ሰው መንገዱንም ሕንፃውንም ይስታል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ምንም ቋሚ ነገር አልቀረም» ስለተባለው

ደብሊው ፒ ኤ ከ1935 እስከ 1943 ሲሠራ 8.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች አልፈውበታል። ከሠራቸውና ካደሳቸው 651,000 ማይል ያህል መንገዶች ውስጥ እጅግ የሚበዛው የገጠር መንገድ ነው፤ 572,000 ማይል ገደማ ወይም ከ900,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህ ቁጥር ብቻውን ስለማይናገር ሥራው ምን እንደነበር እንግለጸው።

በዚያ ዘመን አብዛኛው የአሜሪካ ገጠር መንገድ አፈር ነበር። ዝናብ ሲጥል ወተትና እንቁላል ገበያ አይደርስም፤ ሐኪም አይመጣም፤ ተማሪ ይቀራል። «ከእርሻ እስከ ገበያ» የተባለው ሥራ ይህን ጭቃ የማሸነፍ ሥራ ነው። መጀመሪያ ቁጥቋጦው ይመነጠራል። ቀጥሎ በግራና በቀኝ የውሃ ማፋሰሻ ቦይ ይቆፈራል፤ ከቦዩ የወጣው አፈርም ወደ መሐል ተስቦ የመንገዱ ጀርባ ይሆናል። ጀርባው በአንድ ሜትር ወርድ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ካላዘነበለ ውሃው መሐል ላይ ይተኛል። ውሃ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ከሥር የአርማታ ቱቦ ይቀበራል፤ የቱቦው አፍም በድንጋይ ግንብ ይታሰራል። ጠጠር የሚለብሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጠጠሩ ከቅርብ ወንዝ ወይም ከካባ በእጅ ተቆፍሮ በአካፋ የጭነት መኪና ላይ ይጫናል።

ጸሐፊው «የተቆፈረና የተደፈነ» ያሉት ምናልባት ይህን ቦይና ቱቦ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የመንገዱ ሕይወት ያለው እዚያው ነው። ቱቦው ጠባብ ከሆነ ወይም አፉ ከቦዩ ወለል ከፍ ብሎ ከተቀበረ ውሃው ከላይ ይቋጥርና መንገዱን ጎርዶ ያልፋል። ቦዩ በየዓመቱ ካልተጠረገ ውሃው ወደ ጠጠሩ ሥር ገብቶ አፈሩን ያለሰልሰዋል። የመንገዱ ጀርባ በግሬደር ካልተቃና ተሽከርካሪው ያዳሽቀውና ጠጠሩ ወደ ዳር ይበተናል። ደብሊው ፒ ኤ ደግሞ የከተማን ወይም የካውንቲን (በግዛት ሥር ያለ አውራጃ) መደበኛ ሥራ እንዳይተካ በደንቡ ተከልክሎ ነበር፤ የዕለት ተዕለት ጥገና የባለቤቱ ድርሻ ነው። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፈረሰ መንገድ ያየ ሰው መጠየቅ ያለበት ካውንቲው ግሬደርና ነጂ ነበረው ወይ ብሎ ነው።

ከመንገዱም በላይ የገጠሩን ጤና የለወጠ፣ ጽሑፉ ግን ጨርሶ ያላነሳው ሥራ አለ፤ ሽንት ቤት። 2.3 ሚሊዮን ያህል የጉድጓድ ሽንት ቤቶች ተሠርተዋል። ባለ ቤቱ የዕቃውን ዋጋ ይችላል፤ ጉልበቱ ከመንግሥት ነው። ጉድጓዱ ይቆፈራል፤ ግድግዳው እንዳይናድ በሳንቃ ይደገፋል፤ ላዩ ላይ የአርማታ ስላብ ይጋደማል፤ መቀመጫውም ራሱ የሚዘጋ ክዳን ይደረግለታል። የአየር ማስወጫው አፍ በወንፊት ይሸፈናል፤ ዙሪያውም ጎርፍ እንዳይገባ በአፈር ይከመራል። እያንዳንዱ ክፍል ምክንያት አለው። ክዳኑና ወንፊቱ ዝንብን ይከለክላሉ። ስላቡና ጉድጓዱ ደግሞ ዓይነ ምድር መሬት ላይ እንዳይቀር ያደርጋሉ፤ በደቡብ ግዛቶች በባዶ እግር የሚሄደውን ሕፃን ቆዳ አልፎ የሚገባው ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል የሚራባው በተበከለ አፈር ውስጥ ነውና። ቦታው የሚመረጠው ከውሃ ጉድጓዱ ርቆ ቁልቁል በኩል ነው። ይህን ቸል ያለ ቤተሰብ አዲስ ሽንት ቤት ሠርቶ የድሮ ተቅማጡን ይዞ ይቀራል። ይህ ሥራ በሕዝብ ፊት ሪባን የሚቆረጥለት አልነበረም፤ ስለዚህም ይረሳል። እኛ ግን ከማንኛውም ሐውልት እናስበልጠዋለን።

«ከዋሽንግተን የተጫነ ዕቅድ» ስለተባለው

ሂደቱን ብንከተለው ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ደብሊው ፒ ኤ ራሱ ካቀዳቸውና ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ካቀረቧቸው ጥቂት ሥራዎች በቀር እያንዳንዱ ሥራ «ስፖንሰር» ያስፈልገዋል። ስፖንሰሩም ማዘጋጃ ቤት፣ ካውንቲ፣ የትምህርት ቤት አስተዳደር ወይም ሌላ የመንግሥት አካል ነው። ፎርም 301 በተባለው ማመልከቻ ላይ ሥራው የት እንደሆነ፣ ስንት የቀን ሠራተኛ፣ ስንት ባለ ሙያ፣ ስንት ወር እንደሚፈልግ፣ ዕቃው ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ ከተማው ምን እንደሚያዋጣ ይሞላል። ወረቀቱ ከወረዳው ቢሮ ወደ ግዛቱ፣ ከግዛቱ ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል፤ በፕሬዚዳንቱ ፈቃድ ይጸድቃል። መጽደቁ ግን መጀመሩ አይደለም። ግዛቶች ከሚጀምሩት የሚበልጥ ሥራ አስጸድቀው በመጠባበቂያ ያቆያሉ። አንዱ የሚጀመረው በአካባቢው የዕርዳታ መዝገብ ላይ በቂ ሠራተኛ ሲገኝ፣ የከተማውም ዕቃ ሲቀርብ ነው። ሲያልቅ ንብረቱ የስፖንሰሩ ነው።

መዋጮው ሁልጊዜ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። የጭነት መኪና፣ ግሬደር፣ ከከተማው ካባ የወጣ ጠጠር፣ መሬት፣ የመሐንዲስ ደመወዝ ሁሉ ይቆጠራል። የ1939 ሕግ ከጥር 1940 ጀምሮ መዋጮው ቢያንስ 25 በመቶ እንዲሆን አዘዘ፤ ስሌቱ ግን በግዛቱ ባሉት ሥራዎች ድምር ላይ ነው። ስለዚህ አንድ የደኸየ ከተማ ያነሰ ቢያዋጣ፣ ሌላው የበለጠ አዋጥቶ ሊካካስ ይችል ነበር።

የፒ ደብሊው ኤ (ፐብሊክ ወርክስ አድሚኒስትሬሽን) የተባለው ሌላ መሥሪያ ቤት አሠራር ደግሞ የተለየ ነው። በ1933 በ3.3 ቢሊዮን ዶላር የተቋቋመው ይህ መሥሪያ ቤት፣ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ በሃሮልድ ኢክስ ሥር፣ ለውሃ መስመር፣ ለትምህርት ቤት፣ ለፍርድ ቤት ሕንፃ መጀመሪያ የጉልበቱንና የዕቃውን 30 በመቶ፣ ከ1935 ጀምሮ ደግሞ 45 በመቶ ይደጉማል። ቀሪውን ከተማው ቦንድ ሸጦ ይከፍላል። ትንንሾቹ ከተሞች እዚህ ላይ ይሰናከሉ ነበር፤ በየግዛቱ ሕግ የተወሰነው የዕዳ ጣሪያቸው ቀድሞ ሞልቷል። መውጫው፣ ከግብር ይልቅ ከውሃ ክፍያ ገቢ የሚመለስ ቦንድ ነው። ይህን የሚፈቅድ ሕግ ያወጡ ግዛቶች ውስጥ ያሉ ከተሞች ቧንቧ አስገቡ፤ ያላወጡት ወረፋ ላይ ቆዩ። ከተማው ሳይጠይቅ የሚመጣ ነገር አልነበረም።

«የማይመጥን የድንጋይ ሕንፃ» ስለተባለው

ጸሐፊው በኦክላሆማና በአካባቢዋ ያሉትን የድንጋይ ጂምናዚየሞች፣ ትምህርት ቤቶችና የብሔራዊ ዘብ አዳራሾች አይተው «ቅንጦት» ብለዋቸዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሦስት መቶ ቤት ያለው ከተማ ለምን በጥርብ ድንጋይ ይሠራል? መልሱ ሒሳቡ ውስጥ ነው። ጡብና ብረት ከሩቅ ተገዝቶ የሚመጣ ዕቃ ስለሆነ ከከተማው ኪስ ይወጣል። ከከተማው ዳር ካለ ኮረብታ በመዶሻና በሽብልቅ የሚፈነቀል ድንጋይ ግን ከሞላ ጎደል ጉልበት ብቻ ነው፤ ጉልበቱን የሚከፍለው ፌዴራል መንግሥት ነው። ለደሃ ከተማ ድንጋይ ከጡብ ይረክሳል፤ ብዙ ሰውም ያሠራል። ከደብሊው ፒ ኤ ወጪ አብዛኛው ወደ ደመወዝ የሄደውም በዚህ ዓይነት ምርጫ ነው።

ችግሩ ያለው በባለ ሙያው ዘንድ ነበር። ከ1936 እስከ 1939 ሕጉ የሰዓት ክፍያው በአካባቢው ገበያ ዋጋ እንዲሆን ያዝዝ ነበር፤ የወሩ ደመወዝ ግን ተወስኗል። ስለዚህ የሰዓት ዋጋው ከፍ ያለው ግንበኛ የወር ደመወዙን በጥቂት ቀናት ይሞላና ይሄዳል፤ ረዳቶቹ ድንጋይ እየጠረቡ፣ አሸዋ እየነፉ ይጠብቁታል። የ1939 ሕግ ለሁሉም በወር 130 ሰዓት ሲወስን ይህ ቀለለ፤ በምትኩ የሠራተኛ ማኅበራት ለገበያ ዋጋቸው ተከራከሩ፣ አድማም ተነሣ። ብዙ ቦታ መፍትሔ የሆነው የቀን ሠራተኛውን እዚያው ግንበኝነት ማስተማር ነው። የአንዱ ግድግዳ አንድ ጎን ሸካራ፣ ሌላው ልቅም ያለ ሆኖ የሚታየው እጁን እየፈታ የሄደ ሰው ስለሠራው ነው።

ዛሬ እነዚህን ሕንፃዎች የሚያድሱ ከተሞች አንድ ስህተት ይደጋግማሉ፤ እግረ መንገዳችንን እንጥቀሰው። የድሮው መጋጠሚያ ሲረግፍ በጠንካራ ሲሚንቶ ይሞሉታል። ሲሚንቶው ከአሸዋ ድንጋዩ ስለሚጠነክርና ውሃ ስለማያሳልፍ እርጥበቱ በድንጋዩ በኩል ይወጣል፤ በክረምት ውርጭ ሲይዘው የድንጋዩ ፊት ይላጣል። መጋጠሚያው ከድንጋዩ የላላ፣ ኖራ የበዛበት መሆን አለበት።

«አካፋ ተደግፈው ይውላሉ» ስለተባለው

ይህ ቀልድ በዘመኑም ነበር፤ አንዳንድ ቦታም የሚታየው ትክክል ነው። ሰው የቆመበት ምክንያት ግን አለ። የከተማው ጠጠር የጫነ መኪና ካልመጣ ሠራተኛው ሊበትን የሚችለው ነገር የለም። ማሽን ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ ዓላማው በተሰጠው ገንዘብ ብዙ ሰው መቅጠር ነውና። ሠራተኛው የሚመረጠው ከችግረኛ ቤተሰብ፣ ከአንድ ቤት አንድ ሰው፣ በችሎታ ሳይሆን በችግር ነው፤ ጎልማሳውና ለዓመታት ሥራ ያላገኘው ብዙ ነው። ከ1939 ጀምሮ ደግሞ 18 ወር በተከታታይ የሠራ ሰው ይሰናበት ነበር፤ ሥራውን ገና በለመደ ማግሥት ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር የአንድ ሜትር መንገድ ዋጋ በተቋራጭ ከሚሠራው ሊበልጥ እንደሚችል አንክድም። ማነጻጸሪያው ግን የተቋራጭ መንገድ ብቻ ሊሆን አይገባም። ሌላው አማራጭ ያለ ሥራ ዱቄት ማደል ነበር።

«እርሻን ያለ ሠራተኛ አስቀረ» ስለተባለው

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት መሥሪያ ቤቶችን ቀላቅለዋል። በሃሪ ሆፕኪንስ የተመራው ሲ ደብሊው ኤ (ሲቪል ወርክስ አድሚኒስትሬሽን የተባለው ጊዜያዊ የሥራ መሥሪያ ቤት) ከኅዳር 1933 እስከ መጋቢት 1934 ብቻ ሲኖር ከአራት ሚሊዮን በላይ ሰው ቀጥሯል፤ በደቡብ ዝቅተኛው ክፍያ በሰዓት 40 ሳንቲም ነበር። የጥጥ ባላባቶቹ የጮኹት በዚህ ላይ ነው፤ ጩኸታቸውም ተሰሚነት አገኘ። ደብሊው ፒ ኤ በ1935 ሲመጣ በደቡብ፣ ትልቁ ከተማ 5,000 ሰው በማይሞላበት ካውንቲ የቀን ሠራተኛ የወር ክፍያ 19 ዶላር ነበር። በሰሜን በተመሳሳይ ካውንቲ 40 ዶላር ነው። ከዚያም አልፎ በጥጥ ለቀማ ወቅት ሠራተኛው ከመዝገብ እየተሰረዘ ወደ ማሳ እንዲሄድ ይደረግ ነበር። እምቢ ያለ ይራባል። እርሻው ሠራተኛ አላጣም፤ ሠራተኛው ነው ዋጋውን የመደራደር አቅም ያጣው። ከተጎዱት አብዛኞቹ ጥቁሮች እንደነበሩ መጻፍ ይገባ ነበር።

ጸሐፊው ስለ መድልዎ በአንድ አንቀጽ ያነሱት ትክክል ነው፤ እንዲያውም አሳጥረውታል። ደብሊው ፒ ኤ ላይ መድልዎ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ተከልክሎ ነበር፤ ሠራተኛ የሚመዘግበው ግን የአካባቢው ሰው ነው። መንግሥት ሥራ ለሌላቸው ወጣቶች ያቋቋማቸው የደን ሥራ ካምፖች በዘር ተለያይተው ነበር። በቴነሲ ሸለቆ የኖሪስ ግድብ ሲሠራ ወደ 3,000 የሚጠጉ ቤተሰቦች ተነሥተዋል፤ የመሬቱ ባለቤት ካሣ ሲያገኝ፣ በኪራይ የሚያርሰው ለመሬቱ ምንም አላገኘም። ለግድቡ ሠራተኞች የተሠራው ኖሪስ ከተማም ጥቁር ቤተሰብ አላስገባም። ለምርጫ መጠቀሚያ መሆኑም እውነት ነው። የ1938ቱ ውዝግብ በ1939 የመንግሥት ሠራተኞችን የፖለቲካ እንቅስቃሴ የሚገድበውን የሃች ሕግ አስከትሏል።

«ሥራ አጥነቱ አልቀነሰም» ስለተባለው

ጸሐፊው ለ1938 የጠቀሱት 19 በመቶ የታወቀ ቁጥር ነው። ያልነገሩን ነገር ቢኖር በዚያ ስሌት በደብሊው ፒ ኤ መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ጠጠር ሲጭን የዋለ ሰው «ሥራ አጥ» ተብሎ መቆጠሩ ነው። ኢኮኖሚስቱ ማይክል ዳርቢ በ1976 እነዚህን ሰዎች እንደ ሠራተኛ ሲቆጥራቸው የ1936ቱ ከ16.9 ወደ 9.9፣ የ1938ቱ ከ19.0 ወደ 12.5 በመቶ ወረደ። በ19 ዶላር የሚያድርን ሰው ሙሉ ሥራ አለው ማለት ይከብዳል የሚል ቢኖር አንቃወመውም። የፕሮግራሙን ውጤት ለመለካት ግን ፕሮግራሙ የቀጠራቸውን ሰዎች ከሥራ አጦች ጎን አሰልፎ መቁጠር አይቻልም። በ1937 መንግሥት ወጪውንና በደብሊው ፒ ኤ መዝገብ ላይ ያሉትን ሠራተኞች ቀነሰ፤ በዚያው ዓመት ኢኮኖሚው ዳግም ወደቀ። ለውድቀቱ ሌሎችም ምክንያቶች ነበሩት። መዝገቡ በኅዳር 1938 ወደ 3.3 ሚሊዮን ከፍ ያለው ግን በተቀነሰው ሥራ ቦታ የግሉ ዘርፍ ስላልቀጠረ ነው።

በስም ስለተቀላቀሉት ሥራዎች

ጽሑፉ የገጠር መብራትንም «በዕርዳታ ሠራተኛ የተዘረጋ» ይለዋል። አር ኢ ኤ የተባለው የገጠር መብራት መሥሪያ ቤት በግንቦት 1935 ሲቋቋም እንዲያ ነበር የታሰበው። ምሰሶ ላይ ወጥቶ የመብራት ሽቦ የሚወጥር ሰው ግን ከዕርዳታ መዝገብ እንደ ልብ አይገኝም፤ በወራት ውስጥ አበዳሪ መሥሪያ ቤት ተደረገ። የ1936ቱ ሕግ እስከ 25 ዓመት የሚመለስ ብድር ፈቀደ። ተበዳሪዎቹ በአብዛኛው 5 ዶላር የመመዝገቢያ ከፍለው የተደራጁ የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ናቸው። ኩባንያዎች በማይል ከ1,500 እስከ 2,000 ዶላር ይጠይቁ የነበረውን መስመር ከ1,000 ዶላር በታች አወረዱት። መሐሉ ብረት የሆነ የአሉሚኒየም ሽቦ ተጠቅመው ምሰሶዎቹን አራራቁ፤ ሥራውንም ከፋፍለው አንዱ ቡድን ጉድጓድ እየቆፈረ ሲሄድ፣ ሌላው እየተከተለ ምሰሶ እንዲተክል፣ ሦስተኛው ሽቦ እንዲወጥር አደረጉ። በ1935 ከአሥር የእርሻ ቤቶች መብራት የነበረው አንዱ ገደማ ብቻ ነበር።

በመጨረሻ፣ በጽሑፉ ራስጌ የወጣው የገጠር ፖስታ ቤት ሥዕል ከሥሩ «የደብሊው ፒ ኤ ሥራ» ተብሎ ተጽፎበታል። የዘመኑን ፖስታ ቤቶች ያሠራው የገንዘብ ሚኒስቴር ነው፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሥዕሎች ያዘዘውም ከ1934 ጀምሮ በዚያው ሚኒስቴር ሥር የነበረው የሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ክፍል ነው፤ ሠዓሊውን የሚመርጠው በሥራው እንጂ በችግሩ አልነበረም። ለመለየት ቀላል ነው። የማዕዘን ድንጋዩ ላይ የገንዘብ ሚኒስትሩ የሞርገንታውና የፖስታ ሚኒስትሩ የፋርሊ ስም ካለ የገንዘብ ሚኒስቴርና የፖስታ ሥራ ነው። «ፌዴራል ኢመርጀንሲ አድሚኒስትሬሽን ኦቭ ፐብሊክ ወርክስ» የሚል የነሐስ ሰሌዳ ያለበት፣ ፊደሉ ቢመሳሰልም፣ የፒ ደብሊው ኤ ነው። ደብሊው ፒ ኤ ግን ስሙን ብዙውን ጊዜ የሚያስቀምጠው ሰው በማያይበት ቦታ ነው፤ በእግረኛ መንገድ አርማታ ላይ፣ በድልድይ ጫፍ፣ በጎርፍ ማሳለፊያ ቱቦ አፍ ግንብ ላይ።